ከሁለተኛው ሠርግ በፊት የሚዘረጉ ወረቀቶች

እንበል እሷ 41 ዓመቷ ነው። ባሏ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ልጆችና በ20/80 የደረሳቸው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አላት። ቤቱን በወር 12,000 ብር አከራይታ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እሱ 47 ነው። ከተፋታ ሦስት ዓመቱ፤ ሦስቱ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ናቸው፣ በየወሩ 6,000 ብር ቀለብ ይከፍላል፣ አንድ ሚኒባስም አለው። ሊጋቡ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀን ተቆርጧል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሚኒባሱና ስለ ቀለቡ ግን አንዳቸውም አላነሡም፤ ይሉኝታ ይዟቸዋል። የሚያነሣው ሰው «ገና ሳንጋባ ፍቺ ታስባለህ?» መባልን ይፈራል።

ይሉኝታው ይገባኛል። ቤት አንዴ የፈረሰበት ወይም የትዳር ጓደኛውን የቀበረ ሰው እንደገና ማመን ሲጀምር ያንን እምነት በጥያቄ መንካት ይከብደዋል። ዝም ያሉበት ነገር ግን ሳይወሰን አይቀርም። ውል ያልጻፉ ጥንዶች ሕጉ የጻፈውን ተቀብለዋል ማለት ነው። የሕጉ ልክ ደግሞ የተሰፋው ሁለቱም ያለ ልጅና ያለ ንብረት ለሚጀምሩት ትዳር ነው። ሁለተኛ ትዳር ሲለብሰው ሁለት ቦታ ላይ ይጠበዋል፤ በሕይወት ሳሉ ካሰቡት በላይ ንብረታቸውን ይቀላቅላል፣ አንዱ ሲሞት ደግሞ ካሰቡት በላይ ይለያያል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመጣ ነው።

የምጠቅሰው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራውን አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎች ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ አጥንቱ ቢቀራረብም ዝርዝሩን በአካባቢው ጠበቃ ማረጋገጥ ይገባል። ውርሱን የሚገዛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

መጀመሪያ የቀድሞው ትዳር ይዘጋ። ፍቺ መወሰን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በሽማግሌ ፊት ተስማምተው፣ ዕቃ ተካፍለውና ተፈራርመው የተለያዩ ሰዎች ጉዳዩ ፍርድ ቤት ካልደረሰ በሕግ ዓይን ገና ባልና ሚስት ናቸው፤ አዲሱ ጋብቻ በነባሩ ላይ የተደረበ ይሆናል። የፍቺ ውሳኔ መኖሩም አይበቃም። ፍቺው ተወስኖ ንብረቱ ሳይከፈል የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኛ ሰውዬ ሚኒባሱን የገዛው ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ሳለ ከሆነ፣ ሊብሬው በእሱ ስም ቢሆንም ግማሹ የእሷ ነው፤ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ አዲሷ ሙሽራ ልታየው የሚገባው ሊብሬውን ብቻ ሳይሆን የፍቺ ውሳኔውንና የክፍፍሉን ውሳኔ ጭምር ነው። ክፍፍሉ ካልተደረገ ከሠርጉ በፊት ይደረግ። በኋላ ሚኒባሱ በአዲሱ ትዳር ገንዘብ ሞተር ተቀይሮለት፣ ጎማ ተገዝቶለት ሲቆይ ሦስት ሰዎች በአንድ መኪና ላይ ይከራከራሉ።

የእሷ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየሙ ከሟች ባሏ ጋር የተገኘ ነው፤ ስለዚህ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የሟች ነበር። የሟች ግማሽ ባረፈበት ቀን ለልጆቹ አልፏል፣ ሁለት ልጆች ስለሆኑ ለያንዳንዳቸው አንድ አራተኛ። እሷ ግን ውርሱን አላጣራችም፤ የሚጠይቃት ሰው ስላልነበረ ቤቱን ሙሉ በሙሉ የራሷ አድርጋ ታየዋለች። የልጆቹን ድርሻ የምታስተዳድረው እንደ ሞግዚት እንጂ እንደ ባለቤት አይደለም። ከኪራዩ 12,000 ብር ውስጥ 6,000ው የልጆቹ ነው። አዲሱ ባል ወደዚህ ቤት ገብቶ 400,000 ብር አውጥቶ ሴራሚክ ቢያስነጥፍና ኩሽናውን ቢያሳድስ፣ ግማሹን ያወጣው የእሱ ባልሆኑ ልጆች ድርሻ ላይ ነው። ለፍቅር ሲል ያደረገው ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም ስጦታ ነው ተብሎ ይጻፍ። ብድር ከሆነ ብድር ይባል። ያልተጻፈው ከአሥር ዓመት በኋላ በልጆቹ ዘንድ «ቤታችንን ሊወስድ ነው» የሚባልበት ወሬ ይሆናል።

ስለዚህ የሞት የምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ አስፈላጊ ከሆነም የውርስ አጣሪ ሪፖርት ይውጣ። የባንክ ብድር ቀሪ ካለው በጋብቻው ቀን ስንት እንደቀረ ባንኩ በጽሑፍ ይስጥ። ይህን ለማድረግ ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ የሠርጉን ቀን ከመቁረጥ በፊት መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው። ሌላም የጊዜ ጉዳይ አለ፦ ሴት የቀድሞ ጋብቻዋ ካበቃ 180 ቀን ሳይሞላ እንደገና ማግባት አትችልም፣ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደ በስተቀር።

ቀጥሎ የጋብቻ ውል ነው። የጋብቻ ውል የፈረንጅ ነገር የሚመስለው ሰው በሰማንያ ያገቡትን አያቶቹን ያስታውስ። ሕጉ የሚፈልገው ቀላል ነው፦ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሚስት ወገን ሁለት ከባል ወገን ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክሮች ይፈርሙበት፣ ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ይደረግ፣ ቅጂውም በፍርድ ቤትና በክብር መዝገብ ይቀመጥ። ሰዎች የሚሳሳቱት በቀኑ ነው። «አሁን ጥድፊያ ነው፣ ከጫጉላው በኋላ ረጋ ብለን እንጽፋለን» ይላሉ። ከጋብቻ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሁለቱም የተጠበቁ ይመስላቸዋል፤ ጭቅጭቅ ሲመጣ ግን የማይረዳ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። በሠርጉ ዋዜማ መፈረምም ጥሩ አይደለም፤ እንግዳ ተጠርቶ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነፃ ሆኖ «አይሆንም» የሚል ሰው የለም። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ቢቻል ለየራሳቸው ጠበቃ አሳይተው ይጨርሱ።

የውሉ ጥንካሬ ያለው በአባሪው ዝርዝር ነው። «ያለኝ ንብረት የግሌ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ አያስኬድም። ቤት ከሆነ የካርታ ቁጥሩና የልጆች ድርሻ፤ መኪና ከሆነ ሰሌዳ፣ ሞተርና ሻንሲ ቁጥር፤ የባንክ ሒሳብ ከሆነ በዚያ ሳምንት ከባንኩ የወጣ ማኅተም ያለው መግለጫ፤ አክሲዮን ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ቁጥር፤ ወርቅ ከሆነ በግራም ተመዝኖ። ዕዳም ይጻፍ፣ ለዘመድ የተሰጠ ዋስትና ጭምር።

እቁብን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። ሙሽራዋ በወር 10,000 ብር የሚጣልበት የ30 ዙር እቁብ ውስጥ ብትሆን፣ 20 ዙር ከሠርጉ በፊት 10 ዙር ከሠርጉ በኋላ ጥላ በመጨረሻ 300,000 ብር ቢደርሳት፣ 200,000ው ከግል ገንዘቧ፣ 100,000ው ከጋራ ገቢ የተጠራቀመ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ሙሽራው ቀድሞ በልቶት 15 ዙር ቢቀረው 150,000 ብር ዕዳ ይዞ ወደ ትዳር ገብቷል። ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ ይኑራቸው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ወደሚጎዳው ነጥብ ልምጣ። ሰዎች «ከጋብቻ በፊት ያፈራሁት የግሌ ነው» ብለው ይረጋጋሉ። ልክ ናቸው፤ በጋብቻው ቀን የነበረ ንብረትና ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ የግል ሆኖ ይቀጥላል። ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው። ቤቱ የእሷ ነው፣ ኪራዩ የሁለቱም። ሚኒባሱ የእሱ ነው፣ የቀን ገቢው የሁለቱም። በእኛ ምሳሌ ከኪራዩ የእሷ ድርሻ የሆነው 6,000 ብር በዓመት 72,000፣ በአሥር ዓመት 720,000 ይሆናል፤ ግማሹ የባል ነው። ይህን ለልጆቿ ትምህርት አስባው ከሆነ በጋብቻ ውሉ ላይ በግልጽ ካልተስማሙ በስተቀር የቆጠበችው ከባሏ ገንዘብ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ለውጥ ነው። እሱ ሚኒባሱን 1,500,000 ብር ሸጦ በዚያው ገንዘብ ሌላ መኪና ቢገዛ አዲሱ መኪና በራሱ የግል አይሆንም። በትዳር ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ነገር ሁሉ የጋራ ነው፤ በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል የሚሆነው አንደኛው ተጋቢ ጠይቆ ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። ስለዚህ አካሄዱ እንዲህ ይሁን። የሽያጩ ገንዘብ ሌላ ገንዘብ ወዳልገባበት አካውንት ይግባ፣ የአዲሱ መኪና ክፍያ ከዚያው አካውንት ይውጣ፣ የሁለቱም ውል ቅጂ ይቀመጥ፣ ወዲያውኑም ባልና ሚስት አብረው ፍርድ ቤት ቀርበው ውሳኔውን ያውጡ። ሲስማሙ የአንድ ቀጠሮ ጉዳይ የሚሆነው ሲጣሉ ዓመታት ይፈጃል። የሽያጩ ገንዘብ ከደመወዝ ጋር በአንድ አካውንት ለስድስት ወር ከተቀላቀለ በኋላ የቱ ብር ከየት እንደመጣ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው።

«እኛ እንኳ ገና በሕግ አልተጋባንም፣ አብረን ነው የምንኖረው» የሚሉም ከዚህ አያመልጡም። እንደ ባልና ሚስት ሆነው ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ውል ሳይኖራቸው።

የየወሩ ወጪ ላይ ስንመጣ ሕጉ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ያዋጣ ይላል። በሁለተኛ ትዳር «እንደ አቅም» የሚሰላው ቀለብ ከተቀነሰ በኋላ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እሱ 30,000 ብር ያገኛል፣ 6,000 ቀለብ ሲቀነስ 24,000 ይቀራል። የእሷ ገቢ 16,000 ይሁን። ድምሩ 40,000፤ ድርሻው 60 እና 40 በመቶ። የቤቱ ወጪ 25,000 ከሆነ እሱ 15,000፣ እሷ 10,000 ወደ ጋራ አካውንት ያስገባሉ። እሱ 9,000፣ እሷ 6,000 ይተርፋቸዋል። ቀለቡ መጀመሪያ የሚቀነስበት ምክንያት አለኝ። ቀለቡ ከተረፈው ላይ እንዲከፈል ሲደረግ በየወሩ ከአዲሲቱ ሚስት እጅ የተነጠቀ ይመስላል፣ ወር ሲጎድል ቀድሞ የሚታለፈውም እሱ ይሆናል። ልጆቹ ግን ከአዲሱ ትዳር በፊት የነበሩ ናቸው። ሕጉም አንደኛው ተጋቢ ያለበትን የቀለብ ግዴታ ለመወጣት የገባበትን ዕዳ የቤተሰቡ ዕዳ አድርጎ ያየዋል፤ ማለትም ከጋራ ንብረቱም ሊጠየቅ ይችላል። «የእሱ ልጆች ጉዳይ እኔን አይመለከተኝም» የሚለው አባባል በፍርድ ቤት አያዋጣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሦስት አካውንት መክፈት ለሰላም ጥሩ ነው፣ ሕጉም ደመወዝን በግል አካውንት ማስቀመጥን ይፈቅዳል። አካውንት መለየት ግን ባለቤትነትን አይለይም። በስሟ አካውንት የቆጠበችው ደመወዟ አሁንም የጋራ ነው፤ ባሏ ከጠየቃትም ሒሳቡን ማሳየት ይገባታል። ለልጅ የሚቆጠብ ከሆነ በልጁ ስም አካውንት ተከፍቶ ይግባ፣ በየወሩ ስንት እንደሚገባም በጋብቻ ውሉ ላይ አስቀድሞ ስምምነት ይሰጥበት። ይህን የምለው ሕጉ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ስጦታ የሁለቱን ስምምነት ስለሚፈልግ ነው። መበደር፣ ማበደርና ዋስ መሆንም ከ500 ብር በላይ ከሆነ እንዲሁ። ቁጥሮቹ በ1992 ተጽፈው ዛሬም አሉ፤ በዛሬው ዋጋ ማንኛውም ብድርና ማንኛውም ዋስትና ማለት ነው። ሳይስማማ የተደረገበት ተጋቢ ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ግዴታው ከተገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ለወንድም የተፈረመ ዋስትና ከዓመታት በኋላ ሲሰማ ጊዜው አልፎ ይገኛል።

የቀድሞ ዕዳም እንዲሁ ይታይ። የአንዱ ዕዳ መጀመሪያ ከግል ንብረቱ ይከፈላል፤ ያ ከሌለ የጋራው ንብረት ይነካል። ባለ ዕዳ ሰው ማግባት ነውር የለውም፣ ዕዳውን ሳያውቁ ማግባት ነው የሚያስደነግጠው።

ወደ ሞት ልለፍ። እስካሁን ያየነው ሕጉ የሚቀላቅለውን ነው፤ እዚህ ላይ ይለያያል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ኑዛዜ ሲሞት ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን አትወርስም። የመጀመሪያ ወራሾች ልጆች ናቸው፣ በእኩል፤ ከየትኛው እናት እንደተወለዱ ልዩነት የለውም። የእኛ ጥንዶች አንድ ልጅ ወልደው፣ 4,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት በጋራ ሠርተው እሱ ቢሞት፣ 2,000,000ው የእሷ ነው። የእሱ 2,000,000 ለአራቱ ልጆቹ 500,000፣ 500,000 ይደርሳል። ሚኒባሱ የግሉ ከሆነ ሙሉ በሙሉ የልጆቹ ነው። ሁለቱ የእንጀራ ልጆቹ፣ ያሳደጋቸው፣ «አባዬ» የሚሉት፣ ምንም አያገኙም። በጉዲፈቻ ካልወሰዳቸው ወይም ካልተናዘዘላቸው ሕጉ አያያቸውም። እሷ በምትኖርበት ቤት ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያ ሚስቱ ሦስት ልጆች በድምሩ የ1,500,000 ብር ድርሻ ይኖራቸዋል፣ እንከፋፈል ማለትም መብታቸው ነው። ገንዘቡን ማምጣት ካልቻለች ቤቱ ይሸጣል። ልጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ የራሳቸውን ነው የጠየቁት። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያዩ ሙስሊም ቤተሰቦች ግን ስሌታቸው ሌላ ነው፤ ሟች ልጆች ካሉት ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ሟቿ ልጆች ካሏት ባል አንድ አራተኛ ይወርሳል።

መፍትሔው ኑዛዜ ነው። በእኔ አስተያየት ለሁለተኛ ትዳር ከሁሉም የሚስማማው፣ የሟችን ድርሻ ባለቤትነት ለልጆቹ ሰጥቶ፣ በሕይወት ላለው የትዳር ጓደኛ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በቤቱ የመኖር መብት የሚተው ኑዛዜ ነው፤ ሕጉ አላባ የሚለውን። በእሱ ውስጥ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ጣሪያ ሲያፈስ ማን እንደሚያሠራ፣ እንደገና ብታገባ መብቱ ይቀጥል አይቀጥል ይጻፍ። ሌላው መንገድ የሕይወት መድን ነው። ተጠቃሚዋ በስም ሚስት ከሆነች ገንዘቡ ወደ ውርሱ አይገባም፣ ለእሷ ይደርሳል፤ 1,500,000 ብር የሚከፍል መድን የእንጀራ ልጆቿን ድርሻ ገዝታ ቤቷ እንድትቀር ያስችላታል። ተጠቃሚ ካልተሰየመ ግን ገንዘቡ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል። የቆየ የመድን ወረቀት ላይ የመጀመሪያ ሚስት ስም እንደሰፈረ ቀርቶ እንደሆነም አሁን ይታይ። በመሥሪያ ቤት ያለው የጡረታ ቅጽም በአዲሱ የጋብቻ ማስረጃ ይታደስ። የሟች ባሏን ጡረታ የምትቀበል ሴት ደግሞ ዳግም ጋብቻ ክፍያው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ከመፈረሟ በፊት ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ትጠይቅ።

ኑዛዜ የሚፈርሰው በአብዛኛው በይዘቱ ሳይሆን በአጻጻፉ ነው። ጥንዶች በፍቅር አንድ ወረቀት ላይ አብረው ይናዘዛሉ፤ እንዲህ ያለው የጋራ ኑዛዜ ፈራሽ ነው፣ እያንዳንዱ በየራሱ ወረቀት ይጻፍ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ መነበቡም እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ አራቱ ፈርመውበት ይህች አንድ መስመር ስላልተጻፈች የወደቀ ኑዛዜ ልጆችን ለዓመታት ያካስሳል። ውልና ማስረጃ ሄዶ በሹሙ ፊት ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ምስክሮቹ ከኑዛዜው የሚጠቀሙ ሰዎች አይሁኑ። በእጁ የሚጽፍ ሰው ሙሉውን በራሱ እጅ ይጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጽ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያስፍር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል። ልጅ በተወለደ ማግስት ኑዛዜውን አውጥቶ ማየት ግድ ነው፣ የልጁ መወለድ የተናዘዙትን ስጦታ ሊያፈርሰው ይችላልና።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ለአካለ መጠን የደረሱት ልጆች ይነገራቸው። ዝርዝሩ ሁሉ ባይሆንም ዋናው፦ የአባታችሁ ድርሻ ይህ ነው፣ የትም አይሄድም፣ ወረቀቱ እዚህ ፋይል ውስጥ ነው። የእንጀራ አባትን ወይም የእንጀራ እናትን በጥርጣሬ የሚያይ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚፈራው የሟች ወላጁ ነገር እንዳይጠፋ ነው፣ ይህን ከእናቱ አፍ ሲሰማ ቤት ውስጥ ያለው አየር ይቀየራል።

ከዚያ እድሩ ይቀራል። የቤተሰብ መዝገቡ ላይ የቀድሞዋ ሚስት ስም ካለ ይስተካከል፣ የሁለቱም ልጆች በስም ይግቡ፤ የእንጀራ ልጅ እንደ ቤተሰብ ይቆጠር እንደሆነም ከዳኛው ይጠየቅ፣ እድሮች በዚህ ላይ የየራሳቸው ደንብ አላቸውና።